የጥር 13ቱ ዋንጫ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ እግር ኳስ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እድር ለቀብር ነው፣ ኳስ ደግሞ የልጆች ነው፣ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ያገናኛቸውን ነገር ወደ ኋላ ላይ እንመጣበታለን። ለጊዜው ከየት እንደተነሣን እንንገራችሁ።

ባለፈው ወር ኮሚቴው በአጀንዳ የያዘውን ቦታ፣ ማለትም ከመጋዘናችን ጀርባ ወደ ኩልፎ የሚወርደውን ባዶ መሬት እንድንለካ ሦስት ሰዎች ተመርጠን ሄደን ነበር። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ግድም ነው፤ ሙቀቱ በረድ ብሎ ልጆች የሚወጡበት ሰዓት። ገመዳችንን ስንዘረጋ ጨዋታቸውን አቁመው ከበቡን። «አባባ፣ ሊታጠር ነው?» አለን አንደኛው። የለበሰው የእንግሊዝ ክለብ ማልያ ነው። መልስ ስላልነበረን ወሬውን ለማስቀየር ያህል «ለመሆኑ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስንት ጊዜ ወስዳለች?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ሣቀ። «ኧረ አባባ! ኢትዮጵያ በሩጫ እንጂ በኳስ የት ታውቃለች!» አለን። ጓደኞቹም ሣቁ። ከመሐል አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ «አያቴ አንድ ጊዜ ወስደናል ይላል» ቢል በእሱም ላይ ሣቁበት።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ከነከነን። ልጁ የተሣቀበት እውነት በመናገሩ ነው። አያቱም ከእኛ ከአባላቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዘንድሮው ጉባኤ ሁለት ቃል እንድንናገር ዳኛችንን ጠይቀን ተፈቀደልን።

ነገሩ የሚጀምረው በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አቋቋሙ። ልብ አድርጉ፣ ያኔ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ነው፤ በራሱ ስም ማኅበር ሊያቋቁም የሚችለው አገር በጣት የሚቆጠር ነበረ። እንደ ማንኛውም እድር አጀማመር ማለት ነው፤ ጥቂት ጎረቤት፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ሰታቴ። የመጀመሪያውም ውድድር እዚያው ካርቱም ላይ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ተወገደች። ከእሷ ጋር ሊጫወት የተመደበው የኛ ቡድን ነበርና ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። እንግዲህ አንድ ግብ ሳናገባና አንድ ጨዋታ ሳናሸንፍ ከአፍሪካ ሁለተኛ ተባልን።

በ1951 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ውድድሩ ካይሮ ሆነ። አሁንም ሦስት አገር ብቻ ነው። ግብፅ 4 ለ 0፣ ሱዳን 1 ለ 0 አሸነፉን። በሁለት ውድድር፣ በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ጊዜ ተቆጥሮብን እኛ አንድም አላገባንም። ይህን የምናነሣው ቡድኑን ለማሳነስ አይደለም፤ ቀጥሎ የመጣው ምን ያህል እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ተሳታፊዎቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ያን ጊዜ ከእኛ ከፊሎቻችን በእናታችን ጀርባ የምንታዘል፣ ከፊሎቻችንም ገና ያልተወለድን ነበርን። አርባ ምንጭም ራሷ ገና ከተማ መሆኗ ነበረ፤ ቀድሞ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጨንቻ ነበረ። ስለዚህ የምንነግራችሁ ከታላላቆቻችን የሰማነውንና በመጽሔት ላይ ያነበብነውን ነው።

ቡድኑን ያሠለጥኑ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ጅማ የተወለዱ፣ በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ሰው ናቸው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል፤ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ይጫወት ነበር። ሁለቱም የአስመራ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። ሉቻኖ በድሬዳዋ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫውቷል። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነው። እንግዲህ ከአስመራ፣ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ የተሰባሰበ ቡድን ነበረ፤ ከፋብሪካ ቡድንና ከሰፈር ሜዳ ተለቅሞ የመጣ።

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፉ። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን እሑድ ሆነ። ጥምቀት ዓርብ፣ ቃና ዘገሊላ ቅዳሜ ውለው፣ ታቦት ገብቶ፣ ሕዝቡ ነጠላውን ሳያጥፍ ወደ ስታዲዮም ሄደ ይላሉ ያዩት። ንጉሠ ነገሥቱም በቦታቸው ተቀምጠዋል። ግብፅ ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደች አገር ናት። በ35ኛው ደቂቃ ላይ አገባች። የኛዎቹ ሲለፉ ውለው በ74ኛው ደቂቃ ላይ አቻ አደረጉ፤ ሕዝቡ ተነሥቶ ሳይቀመጥ ግን ግብፅ በ75ኛው ደቂቃ ላይ ደገመች። ሌላ ቡድን ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሉቻኖ አገባና ሁለት ለሁለት ሆነ፤ መደበኛው ሰዓትም አለቀ። በጭማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ታናሹ ኢታሎ ሦስተኛዋን አስቆጠረ፤ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን። ውጤቱ 4 ለ 2። ዋንጫውን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቻኖ አስረከቡ።

በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ የተቆጠረበት ቡድን ከሦስት ዓመት በኋላ በሁለት ጨዋታ ስምንት አግብቶ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ ማለት ነው። የልጁ አያት የሚናገሩት ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መራራው እንግባ። ስለ ቡድናችን ውድቀት ሲነሣ፣ ጠላ ቤትም ይሁን ልቅሶ ቤት፣ አንዱ «ደርግ ገደለው» ይላል፤ ሌላው «ኢሕአዴግ ገደለው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የፌዴሬሽን ሰዎችን ይረግማል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። እኛ ግን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ያሳለፍን ሰዎች ስለሆንን ቀን ማየት ልማዳችን ነው። ቀኑን ስናይ ውድቀቱ የጀመረው ሁሉም ከሚያስበው ቀደም ብሎ ነው። በኅዳር 1956 ጋና ላይ አራተኛ ወጣን፤ ይህ ደኅና ነው። በኅዳር 1958 ቱኒዚያ ላይ ግን በቱኒዚያ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፍን። ዋንጫው ከተወሰደ ገና አራት ዓመት አልሞላም። ንጉሡ በዙፋናቸው ናቸው፤ ሉቻኖም መንግሥቱም ገና አላረጁም። ምን ሆነ?

የሆነው ሌላው መምጣቱ ነው። በፈረንጅ 1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጡ። እኒህ አገሮች ባንዲራቸውን እንደሰቀሉ ቡድን አቋቋሙ፤ አሠልጣኝ ከውጭ አስመጡ፤ ልጆቻቸውም ፈረንሣይና ቤልጅየም ሄደው ይጫወቱ ጀመር። በእድሩ ውስጥ አራት ሰው ሲኮን ዳኛ መሆን አይከብድም፤ አባሉ ሲበዛ ነው ሰው የሚታየው። እኛ መሥራች ነንና ወንበራችን የሚነካ አልመሰለንም።

በ1960 ዓ.ም. ጥር ላይ ውድድሩ እንደገና ወደ አገራችን መጣ፤ አዲስ አበባና አስመራ። ይህ ጊዜ በእውነት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ቡድኑ ጥሩ ነበረ። ምድቡን ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፎ ጨረሰ፤ ዩጋንዳን፣ አይቮሪ ኮስትን፣ አልጄሪያን። በግማሽ ፍጻሜ ግን ኮንጎ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችንና በኋላ ዋንጫውን ወሰደች። አራተኛ ሆንን። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1962 ሱዳን ላይ አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 አሸነፈችን፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ የሚባል አጥቂ ነው። በ1960 በሜዳችን ያሸነፍነው ቡድን ነው እንዲህ ያደረገን። በሁለት ዓመት ውስጥ እነሱ የት ደረሱ፣ እኛ የት ቀረን?

ከዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስኪሞቱም ድረስ፣ እስከ ነሐሴ 1979 መሩት። ደቡብ አፍሪካ በዘር አድልዎዋ ምክንያት ከዓለም ኳስ እንድትገለል የታገሉ ሰው ናቸው፤ በመላው አፍሪካ የተከበሩ። እንግዲህ የአፍሪካን ኳስ የሚመራው ሰው የኛ፣ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የኛ አገር፤ ቡድናችን ግን በእኒያ አሥራ አምስት ዓመታት ለአፍሪካ ዋንጫ የደረሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው በ1968 ራሳችን ስላዘጋጀን ነው፤ ዩጋንዳን አሸንፈን፣ በጊኒ ተሸንፈን፣ ከግብፅ ጋር እኩል ወጥተን ከምድብ ቀረን። ሁለተኛው በ1974 ሊቢያ ላይ ነው፤ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈን ከአልጄሪያ ጋር ባዶ ለባዶ ወጣን። አንድ ግብ እንኳ ሳናገባ ተመለስን። እንደ 1949 እና 1951 ሆነ ነገሩ።

ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። ሠላሳ አንድ ዓመት። በዚህ መካከል አገሪቱ ጦርነትና ረኃብ ላይ ነበረች፤ ኳስ ያስታወሰም አልነበረ። የቡድኑ አንድ እግር የነበረችው አስመራም በ1985 ሌላ አገር ሆነች። ሉቻኖ ራሱ በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ እዚያው በመስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ። ወሬውን ስንሰማ፣ የእድር ሰዎች ነንና መጀመሪያ ያሰብነው ቀብሩን ነው። ከንጉሥ እጅ ዋንጫ የተቀበለ የኢትዮጵያ አምበል፣ በሰው አገር። ከእኛ ወገን ጡሩምባ የነፋለት ይኖር ይሆን?

ይሁን እንጂ እኒያ ዓመታት ደስታ አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር ደረሰ። ይህን እኛ በጆሯችን ሰምተነዋል። በሰፈራችን ጥቂት ሬዲዮ ነው የነበረው፤ ከአንደኛው ቤት ደጃፍ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበን፣ የሬዲዮው ድንጋይ ደክሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥተነው፣ በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው ያየነው። ያየነው እንላለን፤ ደምሴ ሲያወራ ይታይ ነበርና። አቻ ወጥተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲገባ አንዲት የሰፈራችን እናት ከቡና ማፍያዋ ተነሥተው «እግዚኦ በሉ» ብለው ቆሙ። አሸነፍን። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኛም እስከ ሲቀላ ድረስ እየጨፈርን ሄድን። አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ከዚያ አራት ወር ቀደም ብለው ነው፤ አላዩትም። ይኸንኑ ዋንጫ በኋላም በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ወስደነዋል። ግን ይህ የጎረቤት ዋንጫ ነው። ትልቁ ደጅ ተዘግቶ ነበር።

በሐምሌ 2000 ደግሞ የባሰ መጣ። በፌዴሬሽኑ አመራር ሹም ሽረት ሰበብ ፊፋ ኢትዮጵያን አገደ፤ ለደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ከሚደረገው ማጣሪያም ተሰረዝን። ተጫዋቾቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም። ወንበር ላይ የተጣሉት ሌሎች ናቸው፤ የቀረው ቡድኑ ነው። እድር ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ዳኛና ገንዘብ ያዥ ተጣልተው ድንኳኑ መጋዘን የተቆለፈበት ጊዜ በየሰፈሩ አለ፤ ሬሳ ግን አይጠብቅም።

ቀጥሎ የመጣውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የመሩት ቡድን በጳጉሜን 2004 ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። ያበቃ መስሎን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተው 2 ለ 0 ሆነ፤ ድምሩ አምስት ለአምስት፤ በሰው ሜዳ ባገባነው ብዛት አለፍን። በኩልፎ ድልድይ ላይ ያን ማታ መኪና ማለፍ አልቻለም ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኔልስፕሪት በሚባል ከተማ ሆነ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ናት። ቀኑ ጥር 13 ቀን 2005 ነው። ጥር 13! ልክ በ51 ዓመቱ። ይህን ያን ዕለት ያስታወሰ ሰው አልሰማንም፤ እኛም በኋላ ነው የደረስንበት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። በአሥር ሰው ቀረን፤ ከእረፍት በፊትም ተቆጠረብን። እንዲያም ሆኖ አዳነ አቻ አደረገ፤ አንድ ለአንድ ወጣን። ቀጥሎ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን፤ ናይጄሪያም ዋንጫውን ወሰደች። እኛ ግን አንድ ለአንዱን ይዘን ስንደሰት ከረምን።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የሆነውን ደግሞ እኛ ጸሐፊዎች የነበርን ሰዎች እስከ ዛሬ ስናስበው ያመናል። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ምድቡን ጨረስን ተብሎ ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ። በዚያው ዕለት ፊፋ ጉዳዩን እመረምራለሁ አለ። ከሳምንት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት፣ መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ሜዳ ላይ የተገኘው ሦስት ነጥብ ተወሰደብን፤ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተጻፈላት። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ።

እንግዲህ ይህ የኳስ ችሎታ አይደለም። የመዝገብ ሥራ ነው። ስም፣ ቀን፣ ቢጫ አንድ፣ ቢጫ ሁለት፣ አይሰለፍም። አንድ መስመር። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው በሁለት ብር ደብተር የሚይዘው ነገር ነው። አሥራ አንድ ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘውን አንድ ያልተጻፈ መስመር ወሰደው። በእኛም እድር መዋጮውን ከፍሎ ስሙ ሳይመዘገብ ቀርቶ በቀብሩ ዕለት የተከራከርንበት አባል ነበረ፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ሁለት ደብተር መያዝ የጀመርነው።

ደግነቱ ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን እንደገና ወሰደ። ከዓለም ዋንጫ የለየን አንድ አገር ብቻ ሆነ፤ ናይጄሪያ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መርተን ነበር፤ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0። በዚያ አለቀ። ከዚያ የበለጠ ወደ ዓለም ዋንጫ ተጠግተን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ2014 ጥር ላይ ካሜሩን ሄደን በኬፕ ቨርድና በካሜሩን ተሸንፈን ከቡርኪናፋሶ ጋር አቻ ወጣን። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን፣ የ1954ቷን ግብፅ፣ 2 ለ 0 አሸነፍን። ግን የት አሸነፍን? አዲስ አበባ አይደለም። ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። በአገራችን ካሉት ስታዲዮሞች የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን የሚፈቅደው አንድም ስለጠፋ፣ «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባለውን በሰው አገር ነው ያደረግነው፤ ከዚያም በሞዛምቢክና በሞሮኮ። ኮንፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት አራት አገሮች አንዷ ነበርን እኮ! ድንኳን ያዋጣ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ከሌላ ሰፈር ተከራየ ማለት ነው። ግብፅን ስናሸንፍ እልል የሚል የኛ ሕዝብ ሜዳው ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ስታዲዮም የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የእድር አቅም አይደለም። ፌዴሬሽንም እኛ አንመርጥም። የከተማችን ቡድን አርባ ምንጭ ከተማ ከሊጉ ሲወርድ ሲወጣ ከማጨብጨብና ከመበሳጨት በቀር የምናደርገው የለም። ግን ሉቻኖም መንግሥቱም ስታዲዮም ውስጥ አልተወለዱም። ሰፈር ውስጥ ነው የተጫወቱት። እኛም በልጅነታችን ከሸማኔ ቤት በለቀምነው የጥጥ ቁራጭ ኳስ ሠርተን በየደረስንበት እንጫወት ነበር፤ ባዶ መሬት ሞልቶ ነበርና። ዛሬ ከመጋዘናችን ጀርባ ካለው በቀር በሰፈራችን ልጆች የሚራገጡበት ቦታ የለም። ቤት ሆኗል፣ ሱቅ ሆኗል፣ ሙዝ ተተክሎበታል። ይህም ቦታ ቢሆን ኳሷ ከወደቀች ኩልፎ ውስጥ ናት፤ ወደ ጫሞ ትወርዳለች፤ ተከትሎ የሚገባም የለም፤ አዞውን ሁሉም ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ሁለትና ሦስት ኳስ በዓመት እየጠፋባቸው ይጫወታሉ።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ ክፉ አይደለም። ቦታውን በሙሉ አጥሮ አራት የኪራይ ክፍል መሥራት ነው። ኪራዩ ቢገኝ ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ከፍ ይላል፤ ባል ለሞተባቸው እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛም ነገ የምንፈልገው ነው። ባለፈው ስብሰባ ከእኛ አንዳንዶቻችን እጃችንን ያወጣነው ለዚህ ብለን ነው። ልጆቹ ግን ድምፅ የላቸውም፤ መዋጮ አይከፍሉምና። በዚያን ዕለት «ሊታጠር ነው?» ብሎ የጠየቀንን ልጅ መልስ ሳንሰጠው ነው የተመለስነው።

ስለዚህ ዛሬ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይህን እንድታዩልን እንለምናለን። ባለፈው ቅዳሜ ተመልሰን ሄደን በገመድ ለክተናል። ቦታው በመንገዱ በኩል ሰፋ ይላል፣ ወደ ወንዙ ሲወርድ ይጠባል። በመንገዱ በኩል ብቻ ቢሠራ ሁለት ክፍል ይወጣል፤ ሦስተኛም ጠበብ ብሎ ሊወጣ ይችላል። የቀረው፣ ርዝመቱ 42 እርምጃ፣ ወርዱ 25 እርምጃ ያህል ይሆናል፤ ለትንንሾቹ ይበቃል። በኩልፎ በኩል አጥር ቢደረግለት ኳሱም ልጁም ይተርፋል። ለዚያ የሚሆን ቋሚ እንጨት ከአባላቱ ሦስት ሰዎች ለመስጠት ቃል ገብተዋል፤ ስማቸውን ለጸሐፊው አስመዝግበናል፤ በሁለቱም ደብተር ላይ።